ቀይ ትል ከሳፋው ለምን ይሸሻል? የጓሮ አልሚዎች ክርክር ከአራት ኪሎ

ጥያቄውን ያነሳችው አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ጓሮ ያላት ሴት ናት። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ታበቅላለች። የወጥ ቤት ትርፍራፊ በልቶ ወደ ፍግ የሚቀይር ቀይ ትል ገዝታ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አደረገች፤ የወጥ ቤቱን ትርፍራፊ በሙሉ ላያቸው ላይ ደፋች። ሳምንት ሳይሞላ ሳፋው መሽተት ጀመረ። ትሎቹ በሳፋው ጠርዝ እየወጡ ወለል ላይ ደርቀው ታገኛቸዋለች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፦ ለምን ይሸሻሉ? ትሉ በልቶ የሚያወጣው ፍግስ ከትሉ ተለይቶ የሚወጣው መቼና እንዴት ነው? መጨረሻ ላይ ደግሞ የሸጠላት ሰው በሦስት ወር ውስጥ ማዳበሪያ መግዛት እንደምታቆም ቃል እንደገባላት ጠቀስ አደረገች። ብዙውን ጭቅጭቅ ያመጣው ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው።

ከጥያቄዋ ሥር ሰዎች የጻፉትን ውይይት ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጥሩ ነገር አለው፤ ግን ተበታትኗል፣ አንዳንዱም ስህተት ነው። ጀማሪ አንብቦት ትሉን እንዳይፈጅ መልሶቹን በየቁጥራቸው እያነሳሁ ልንገራችሁ። የማልስማማበት ቦታም ላይ አልፌ አልሄድም።

1ኛው መላሽ ትሑት ሰው ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ ሳፋው ሥር ቀዳዳ እንዳለው ጠየቃት። ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ቆዳው ከደረቀ ይሞታል፤ ውሃ ውስጥ ከተዘፈቀም አየር አጥቶ ይሞታል። መለኪያውንም ነገራት፦ ከውስጡ አንድ እፍኝ አንስተሽ ጨመቅ ስታደርጊው አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ከፈሰሰ በዝቷል ነው ነገሩ። ይህ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለኪያም የለም።

2ኛው ቀበና የሚኖር፣ ለዓመታት ትል ያረባ ሰውዬ ነው። መልስ ከመስጠቱ በፊት ምን እንደምታበላቸው ዘርዝሪልኝ አላት። 3ኛው የእሷ ዝርዝር ነው፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ወጥ የነካው እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን አገዳ፣ የድንች ልጣጭ።

4ኛው መልስ፣ የቀበናው ሰውዬ መልስ፣ የውይይቱ ሁሉ ዋና ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ በአንድ ነው የሄደበት። የእኛ ወጥ ቤት የሽንኩርት ወጥ ቤት ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚተርፈው ልጣጩ ነው፣ ትል ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይወድም። ሎሚና ብርቱካን አሲዳቸው ያቃጥለዋል። ወጥ የነካው እንጀራ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ጨው አለው፣ በርበሬ አለው፣ ዘይት አለው። ጨው እርጥብ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ያልተነካ እንጀራም ቢሆን ብዙ ከሆነ ይቦካል፣ ይሞቃል፣ ሳፋውን ያኮመጥጣል። ትንሽ ደረቅ ድርቆሽ ከተቀደደ ካርቶን ጋር ተቀላቅሎ ግን ችግር የለውም። የቡና አተላ ይወዳሉ፤ ብቻውን ተከምሮ ሳይሆን በስሱ ተበትኖ። የጎመን አገዳና የድንች ልጣጭ ተከትፈው ቢሰጡ ቶሎ ይበላሉ።

ከዚያ ዋናውን ተናገረ። ቀይ ትል ቢበዛ በቀን የክብደቱን ግማሽ ነው የሚበላው፣ አዲስ ቤት የገባ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ግማሽ ኪሎ ትል ካላት መጀመሪያ አካባቢ በቀን ከመቶ ግራም ብዙም ማለፍ የለባትም። እሷ የሰጠችው የቤተሰብ ሙሉ ትርፍራፊ ነው። ያልተበላው ይበሰብሳል፣ አየር ያልቃል፣ ይሸታል፣ ይሞቃል። ትሎቹ የሚሸሹት ከዚያ ነው። ትል በረሃብ ሲሞት ብዙም አይታይም፤ የሚገድለው ጥጋብ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ አዲስ ጀማሪ ሁሉ ይህን ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል።

5ኛው ደግሞ አልተስማማም። እናቱ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ሽንኩርቱንም ሎሚውንም ስትጥል እንደኖረችና ጉድጓዱ በትል እንደሚርመሰመስ ተናገረ። ያየውን ነው የተናገረው፤ ውሸት የለበትም። 6ኛው ግን በአግባቡ አረመው፦ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ትል ሲያቃጥለው ወደ ጎን፣ ወደ አፈሩ ይሄዳል፣ ሲረጋጋ ይመለሳል። ሳፋ ውስጥ ያለው ግን መሄጃ የለውም። ያለው መውጫ በጠርዙ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሲሚንቶ ነው።

7ኛው ትል ለምን ይገዛል ብሎ ጠየቀ፤ ክረምት ላይ አፈር ሲቆፈር የሚወጣውን መልቀም ይቻላል ባይ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ነገር ስለሆነ 8ኛው የሰጠውን መልስ ሰፋ አድርጌ ላንሳው። 8ኛው የግብርና ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ነው፤ አጻጻፉ ሥራውን እንደሚያውቅ ያሳያል። ትል ሁሉ አንድ አይደለም። አፈር ስንቆፍር የምናገኘው አፈር እየበላ በጥልቀት መንገድ እየቀደደ የሚኖር ነው፤ ሳፋ ውስጥ ቢጨመር ይከሳል፣ ይሞታል። ለፍግ የሚረባው ቀይ ትል፣ በሳይንስ ስሙ ኢሴኒያ ፌቲዳ፣ የሚኖረው ከአፈሩ በላይ በሚበሰብስ ቅጠልና እበት ውስጥ ነው። የተገላቢጦሹም ያው ነው። ቀይ ትል ጎመን መደብ ላይ ቢበተን የሚበሰብስ ነገር ካላገኘ አይቆይም። ስለዚህ ትሉ ሳፋው ውስጥ ይቅር፣ ወደ መደቡ የሚሄደው ፍጉ ነው።

9ኛው ትል ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል፣ ስለዚህ ማራባት ቀላል ነው ብሎ ጻፈ። 10ኛው ተቆጣ። ይህን ወሬ የሚነዙ ሰዎች ስንት ፍጡር እንዳስጨረሱ አያውቁም አለ፣ ትንሽም ተሳደበ። ስድቡ አያስፈልግም ነበር፤ ቁጣው ግን ይገባኛል። የተቆረጠ ቀይ ትል ሁለት አይሆንም። የጭንቅላቱ ወገን በቂ ርዝመት ከተረፈው ሊድን ይችላል፣ የጅራቱ ወገን ይሞታል። የሚራቡት በእንቁላል ከረጢት ነው። ከረጢቷ ከምስር ፍሬ ታንሳለች፣ ሎሚ ትመስላለች፣ መጀመሪያ ቢጫ ናት፣ ከዚያ ትቀላለች። ከአንዷ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ግልገል ይወጣል፤ ሙቀቱ ከተስማማ በሦስት ሳምንት ገደማ። ግልገሉ ለመውለድ ሁለት ወር አካባቢ ይፈልጋል። ፍጉን ስታወጡ እነዚህን ከረጢቶች ካያችሁ ሥራችሁ ደህና ነው ማለት ነው።

11ኛው ከመንገዱ ወጣ አለ። በጋራ ግቢ ውስጥ የሚኖር ልጅ ነው፤ ጎረቤቱ የሆኑ እማማ፣ ቤት ውስጥ ትል ማርባት ነውር ነው ብለው አኩርፈውታል። 12ኛዋ የመከረችው ልብ ያረፈበት ምክር ነው፦ አትከራከራቸው፣ ሳፋው እንዳይሸት አድርግ፣ የመጀመሪያውን ቆስጣ ለእሳቸው ውሰድላቸው። በደንብ የተያዘ ሳፋ የሚሸተው ዝናብ የነካው አፈር ነው። መጥፎ ጠረን ካለ ጥፋቱ የትሉ አይደለም፤ ምግቡ በዝቷል ወይም ውሃው በዝቷል።

ከ13 እስከ 15 ያሉት ስለ እበት ናቸው። 13ኛው መሀል ከተማ እበት ከየት ይመጣል አለ። ድሮ ካዛንቺስ ላም የሚያረቡ ጎረቤት ነበሩት፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እሳቸውም ተነሱ፣ እበቱም ቀረ። ከዚህ ላይ ወሬው ወደ ሰፈር መፍረስ ሄደና አንድ ሁለት ሰው ተናደደ፤ እሱን እዚህ አላነሳውም። 14ኛዋ ግን ወደ ጉዳዩ መለሰችን። ትኩስ እበት እንዳለ አይሰጥም፤ ይሞቃል፣ አሞኒያው ይገድላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ተከምሮ ሙቀቱ እስኪወጣለት መጠበቅ ያስፈልጋል። 15ኛው አንድ ነገር ጨመረ፤ ብዙዎች የማያስቡት ነው፦ ላሟ በቅርቡ የጥገኛ ትል መድኃኒት ወስዳ ከሆነ እበቷን አትስጡ። አይቨርመክቲን የመሰለው መድኃኒት በእበቱ ይወጣል፣ ሳፋ ውስጥ ያሉትንም ሊጎዳ ይችላል። እበት የምትወስዱበትን ሰው ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። የጫት ገረባ ይሆናል ወይ ያለም ነበር፤ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል እኔ አልደፍረውም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይሆንም፣ ዘይቱን አይችሉትም።

16ኛው ላይ ንፋሱ ተቀየረ። ጸሐፊው ማዳበሪያ መግዛት ታቆሚያለሽ ያላትን ሻጭ በቀጥታ አጭበርባሪ ብሎ ጠራው። 17ኛው ራሱ ትል ሻጭ ነው፣ እሷ የገዛችበት ሰው ባይሆንም ተነካ። እሱ ራሱ ዩሪያ የሚባለውን የፋብሪካ ማዳበሪያ ካቆመ ቆይቷል፣ ጎመኑም ከጎረቤቱ ይበልጣል፣ እንዲያውም መጥቶ ማየት ይቻላል አለ። 18ኛው፣ ያው ባለሙያው፣ በቁጥር መለሰ። ዩሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን፣ ማለትም ተክሉን የሚያሳድገው ዋና ምግብ፣ ነው። የትል ፍግ እንደ ምግቡ ይለያያል፣ በአብዛኛው ከመቶው ከ1 እስከ 2 ነው የሚኖረው። አንድ ኪሎ ዩሪያ የሚሰጠውን ናይትሮጅን ለማግኘት ከ23 እስከ 46 ኪሎ ፍግ ይፈልጋል። ያውም ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ለጤፍና ለስንዴ ማሳ ሳፋ አይበቃም።

19ኛው ሻጩ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ቁጥር ማውራት ቀላል ነው ብሎ ሰውዬውን ዘለፈው። እኔ እዚህ ላይ ሁለቱም ያዩት እውነት አለ እላለሁ፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ መሬት ነው። የአራት ኪሎዋ ሴት ጓሮ ጥቂት ካሬ ሜትር ነው። ለዚያ መደብ ከሁለት ሳፋ የሚወጣ ፍግ ብዙ ነገር ይሠራል። ናይትሮጅን ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ አፈሩ ይፈታል፣ ውሃ ይይዛል፣ ችግኝ ሥሩን ቶሎ ይሰዳል። ሻጩ ጎመኑ አማረ ሲል አልዋሸም። ግን በሦስት ወር ማዳበሪያ ታቆሚያለሽ ብሎ ለሁሉም ሰው መናገር ሌላ ነገር ነው። በሦስት ወር ውስጥ ጀማሪ የሚያገኘው የመጀመሪያውን እፍኝ ፍግ ነው፣ እሱም ትሉ ካልሞተ።

20ኛዋ በዚያው ቁጣ ገብታ ኪሎ ብላ የከፈለችበት ትል ግማሹ አፈር ሆኖ እንዳገኘችው ተናገረች። 21ኛው ረጋ ብሎ አስረዳት፤ እኔም የምስማማው ከእሱ ጋር ነው። ከኖረበት አልጋ፣ ማለትም ሲኖርበት ከነበረው ብስባሽ፣ ጋር የመጣ ትል ራቁቱን ከመጣ ይሻላል። አልጋው ውስጥ የእንቁላል ከረጢት አለ፣ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ፣ አዲሱን ቤትም ቶሎ ይለምዳል። ነገር ግን ዋጋው የትሉ ይሁን። ሻጩ ፊታችሁ እንዲገለብጠው ጠይቁ፤ ሲነካ የሚገላበጥ፣ እርጥብና ቀላ ያለ፣ ትልቁም ትንሹም ያለበት መሆኑን አይታችሁ ግዙ።

22ኛው ላይ ነው አንድ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ያስታወሰው። ፍጉ መቼ ይወጣል? ምግቡ ማንነቱ ጠፍቶ፣ ሁሉም ጥቁር ቡና ዱቄት መስሎ፣ አፈር አፈር ሲሸት። ከሁለት እስከ አራት ወር ይፈጃል፤ በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ወደ አራቱ የሚጠጋ ይመስለኛል። የማውጫው መንገድ ብዙ ነው፣ 22ኛው ሁለቱን አስቀመጠ። አንደኛው ትዕግሥት ላለው ነው፦ ከሳፋው ግማሽ ጎን ብቻ ማብላት። ሌላውን ጎን ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም አትስጡት። ትሎቹ ወደ ምግቡ ይሰደዳሉ፤ የተራበውን ጎን አንስታችሁ ትወስዳላችሁ። ሁለተኛው ለቸኮለ ነው። ሸራ ብርሃን ባለበት ቦታ ይነጠፋል፣ ሳፋው ይገለበጣል፣ ትንንሽ ክምር ይደረጋል። ትል ብርሃን አይወድም፣ ወደ ታች ይገባል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከላይ ያለው ይጠረጋል፤ ደግሞ ይጠበቃል፣ ደግሞ ይጠረጋል። መጨረሻ ላይ ሥር የሚቀረው የትል ጉብታ ነው። ቀትር ፀሐይ ላይ ግን አታድርጉት፣ ትሉ ይጠበሳል። ጠዋት ወይም ጥላ ያለበት ደማቅ ቦታ ይበቃል።

23ኛዋ ሌላ ብልሃት ጨመረች፦ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ የሙዝ ልጣጭ ወይም የሐብሐብ ቅርፊት አድርጎ ፍጉ ላይ ማስቀመጥ። በጥቂት ቀን ትሎቹ በቀዳዳው ገብተው ይሞሉታል፣ ቅርጫቱን አንስቶ ወደ አዲሱ ሳፋ መውሰድ ነው። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። ትሉም አይነካካም፣ እጅም አይቆሽሽም። ከረጢቶቹ ግን ፍጉ ውስጥ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ፍጉን ሦስት አራት ሳምንት እርጥብ አድርጎ ማቆየትና ለተፈለፈሉት ደግሞ ማጥመድ ጥሩ ነው። ከዚያ በወንፊት መንፋት ይቻላል። ፀሐይ ላይ አታድርቁት። ፍጉ ውስጥ ያለው ሕይወት በድርቀት ይሞታል፤ ጥላ ቦታ፣ አየር በሚያስገባ ጆንያ፣ እርጥበቱን እንደያዘ ይቀመጥ።

24ኛው ከሳፋው ሥር የሚንጠባጠበውን ቡናማ ውሃ ሰላጣው ላይ እንደሚረጭ ጻፈ። 25ኛዋ ጠንከር ብላ መለሰችለት፣ ልክም ናት። ያ ውሃ ገና ያልተበላ ብስባሽ ያለፈበት ነው፤ ጀርም ሊኖረው ይችላል። ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበላው። ቢያንስ በአሥር እጅ ውሃ ቀጥኖ ለአበባ ወይም ለዛፍ ሥር ቢፈስ ይሻላል። ብዙ የሚንጠባጠብ ከሆነም ሳፋው ረጥቧል ማለት ነው፤ ደረቅ ካርቶን ቀድዳችሁ ጨምሩ። 26ኛው በዚሁ ላይ ፍጉን ባደረገበት መደብ ሁሉ ቲማቲም እንደበቀለ ተናገረ። የትል ሳፋ እንደ ተራ ኮምፖስት ክምር አይሞቅም፤ ስለዚህ ዘሩን አይገድለውም። ጀርሙንም በሙቀት አይገድለውም። እበት ቀድሞ ተከምሮ ይሙቅ የሚባለው ለዚህም ጭምር ነው።

27ኛው ስለ ጉንዳንና አይጥ ነው። ሳፋው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ እግር ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ማስቆም፣ ላዩን በወንፊት ሽቦ መክደን፤ ጨርሷል። 28ኛው ስለ ብርድ ጻፈ። ቀይ ትል የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ከ10 በታች ትወርዳለች፤ ትሉ አይሞትም፣ መብላቱን ግን ይቀንሳል። ምግቡንም መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። በጆንያ መሸፈን ይረዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ጣሪያ ያስፈልጋል። በጋ ላይ ቆርቆሮ ሥር አታድርጉት፤ ቀን ላይ የቆርቆሮው ግለት ከአየሩ እጅግ ይበልጣል፣ 35 ዲግሪ ያለፈ ሳፋ ደግሞ መቃብር ነው።

29ኛው የእሷ ነው። የበሰበሰውን አውጥታ፣ ሥሩን በስታ፣ ግማሹን በረጠበ ካርቶን ሞልታዋለች። ትሎቹ መውጣታቸውን አቁመዋል። አሁን የምትጠይቀው ፍጉ ሲደርስ ምን ያህል ትጠቀም የሚለውን ነው። 30ኛው፣ የቀበናው ሰውዬ፣ ለችግኝ አፈር ከአምስት እጅ አንዱን፣ ለተተከለ ጎመን ደግሞ ከሥሩ ዙሪያ አንድ እፍኝ ብሎ ጨረሰ። ከዚያ በላይ መጨመር ብዙም የተለየ ጥቅም አይሰጥም፤ የተረፈውን ለሌላ መደብ ማድረግ ነው።

31ኛው ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ነው። ጓሮ የለውም፣ በረንዳ ብቻ ነው ያለው፤ ይሆንልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ ስለዚህ እኔ ልመልስ። ይሆናል ወንድሜ። ሁለት የቀለም ባልዲ በደንብ አጥበህ አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገባ። የላይኛውን ሥሩን በጥቃቅን ቀዳዳ ብሳው፣ ከጠርዙ ወረድ ብለህም ለአየር ብሳ። ከታችኛው ውስጥ ግማሽ ጡብ አድርግ፣ በሁለቱ መካከል ክፍተት እንዲኖር። የላይኛውን ግማሹን በረጠበ ካርቶን ሙላ፣ አንድ እፍኝ አፈር ጨምር፣ ሩብ ኪሎ ትል አስገባ። ለሳምንት ያህል ከአንድ እፍኝ የጎመን ክትፍና የቡና አተላ በላይ አትስጥ። ፀሐይ የማይመታበት ጥግ ላይ አስቀምጠው። በታችኛው ባልዲ ውሃ ከተጠራቀመ ቶሎ ድፋው። ያለፈው ምግብ ሳያልቅ አዲስ አትጨምር። ፍጉ ሲደርስ በረንዳህ ላይ ላለችው ጤናዳምና በሶብላ ከበቂ በላይ ነው።